ፐ

ሐወሊ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ነሐሴ ነው ወሩ፤
ትኩሳት እንዳለው ሰው ይግላል ግንቡ፣ በሩ።
ኤሲው ያንጠባጥባል፣ ባልዲ ከሥሩ አለ፤
ጀርባዬ ላይ የታዘለው ስድስተኛው ልጅ
አሁን ገና ዝም አለ።

መዳም ደላል ወጥ ቤት ገባች በባዶ እግሯ፤
በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች፤
ቧንቧውን ከፈተች፣ ውኃው እንዲጮህላት፤
ከዚያ ወደ ጆሮዬ ቀርባ፦
«መሬማ፣ እናንተ አገር ሴት መውለድ ሲበቃት
ምን ታደርጋለች?»

(የላከኝ ደላላ፣ የተቀበለችኝ ደላል፤
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ስቄበታለሁ፤
በአረብኛ አያስቅም።)

«ጨው በዛ»፣ «ልብሱ አልተተኮሰም» ካልሆነ በቀር
እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም።
ምን ልበላት?
ከእምብርቴ በታች ማንም ያላነበበው
አንድ ፊደል አለኝ።

ልሄድ ስል፣ ሐርቡ፣ ጤና ጣቢያ፣ በጓሮ በር፣
እናቴ ነች የወሰደችኝ፤ ቀድማኝ ትራመድ ነበር።
«መንገድ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።
ከእኔ በፊት የሄዱት ይዘው የተመለሱትን ወሬ፣
ሴቱ ሁሉ አውቆ በስሙ የማይጠራውን፣
በዚያች ቃል ቋጠረችው፣
ብር እንደምትቋጥር በሻሿ ጫፍ።

ሲስተር አትክልት መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፦
ነጭ ፕላስቲክ፣ ወገቡን መዳብ የተጠመጠመ፣
ከክብሪት እንጨት የማይረዝም።
«ሉፕ ነው፤ አስራ ሁለት ዓመት ይሠራል» አለችኝ።
እኔ ያየሁት ፐን ነው፤
አንደኛ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ፣
ከሀ ጀምረን እየጮህን ወርደን
ትንፋሻችን ሲያልቅ የምንደርስባትን፣
የጥጓን ፊደል፣
ከፖስታና ከፓስፖርት በቀር ሥራ የሌላትን።

ካርዱ ላይ «ያገባች» ብላ ጻፈች።
ባሌ ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።
«በረጅሙ ተንፍሺ» አለች፤ ተነፈስኩ፤
ወገቤን ቆንጥጦ አለፈ።

አስፈለገ ወይ? አትጠይቁኝ።
ከዚህ ቤት በፊት ሌላ ቤት ነበር፣ ስድስት ወር።
ያቺ መዳብ ብቻ ናት
ያኔ ያልከዳችኝ።

ካርዱን ፓስፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩት፤
ፓስፖርቴን ገና ከአውሮፕላን ስወርድ ተቀበሉኝ፤
የባባ ካዝና ውስጥ ነው፣ የወርቁ አጠገብ፤
የሚወጣበትም ቀን አብሮ ተቆልፏል።

እና ለመዳም፣
ለቂጣ ዱቄት በነሰነስኩበት ጠረጴዛ ላይ
በጣቴ ጻፍኩላት፦ ፐ።
ጎንበስ ብላ አየችው። ቆየች።
«ያማል?»
«ትንሽ።»
በእጅጌዋ ጠረገችው፤
ጥቁሩ ልብሷ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ለባሏ የጥርስ ቀጠሮ አለኝ አለችው።
ሹፌሩ ራፊቅ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፣ ምንም አልሰማም።
ሳልሚያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሲስተር ሺጂ ጓንቷን ስታጠልቅ
መዳም እጄን ፈለገች፤
በረኪና የላጠው እጄን፣
ቀለበቶቿ እስኪወጉኝ ድረስ ጨበጠችው።
«በረጅሙ ተንፍሺ» አልኳት።
በአማርኛ ነበር ያልኳት።
ተነፈሰች።

ስንመለስ፣ ቀዩ መብራት ይዞን፣
«ያንቺስ መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።
«ካርዱ ካዝናው ውስጥ ነው።»
ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
አረንጓዴ በራ፤ ሄድን።

ማታ የካዝናውን ቁጥር ሰማሁ፦
አራት ጊዜ ጢጥ አለ። ተከፈተ። ተዘጋ።
ጠዋት ጠረጴዛው ላይ፣
ካርዱ።
አነሳሁት፣ ከሥሩ አየሁ፣ ከጎኑ አየሁ፣
ፎጣውን አራገፍኩ፤
ካርዱ ብቻ ነው።

«ያገባች» ይላል። ቀለሙ ደብዝዟል።
ጳጉሜን ስታልፍ አስራ ሁለት ይሞላል፤
እኔም ሠላሳ አምስት።
ከፐ ተነስቶ ሀ ብሎ ለመጀመር
ስንት ጊዜ ቀርቶኝ ይሆን?
ኤሲው ያንጠባጥባል።
ባልዲው ሞልቷል፤
ልድፋው።